የዘለልኳቸው ገጾች

ዓርብ ማታ፣ የመጨረሻዋ ጀልባ ስትታሰር፣
የትኬት ቦርሳዬን ሰቅዬ በምስማር፣
ወደ አክስቴ ወደ ኦርቴንሲያ እሄዳለሁ፤
የተዋስኩትን መጽሐፍ
ከዝናብ ሸሽጌ በካፖርቴ ሥር እወስዳለሁ።

ቤቷ እንጨት ነው፣ የቆመ በእንጨት እግር፣
ከወለሉ ሥር ባሕር፣
ሲሞላ የሚያንኳኳ፣ ሲጎድል ጭቃ ጭቃ የሚሸት።
በቺሎዌ ደሴት
ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ከቤተሰብ አንዱ ነው፤
ሳይጠሩት ይገባል፣ ቢሸኙትም እዚያው ነው።

ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሦስተኛ ክረምቷ፤
ጆሮዋ ግን ንቁ ነው እንደ ልጅነቷ።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ስንት ገጽ ነው?» ትላለች፤
ቁጥሩን ስነግራት
እንደ ነጋዴ አስባ አንገቷን ትነቀንቃለች።

«አንተ ልጅ» ትለኛለች (አርባ ስምንት ዓመቴ ነው)፣
«ደም ብቻ የሚረጭ አታምጣ፤ ያ የሥጋ ቤት ወሬ ነው።
በር አምጣልኝ፣ ተቆልፎ የሚያድር፣
ማንም ሳይነካው ሲነጋ ገርበብ ብሎ የሚገኝ በር።
እራት አምጣልኝ፣ ለአራት ሰው የተሰናዳ፣
ሲነሱ አምስት ሳህን የሚታጠብበት ጓዳ።»

ስቸኩል ትቆጣለች፦
«ቀስ በል! ሴትየዋ ገና መሰላሉን ይዛለች፣
አንተ ጣሪያ ላይ ነህ።»
ሲብስባት ሹራቧን እስከ አገጯ ትስባለች፣
ደስ ሲላት እንደዚያ ናት፤ ትፈራለች፣ ትስቃለች።

በሐምሌ ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣
«ልቧ ቀጭን ክር ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
እኔም ከዚያ ወዲህ ሌባ ሆንኩ።
አንድ መስመር፣ አንድ ጩኸት፣ አንዳንዴ አንድ ሬሳ
ከመጽሐፉ እየሰረቅሁ አነበብኩ።

ባለፈው ዓርብ፣
ከወለል ሥር አንዲት ልጅ የምትጣራበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣
ሁለት ገጽ በአንድ ጣት ገለበጥኩ፣ ትንፋሼን ሳልተነፍስ።
ምድጃው ውስጥ ግንድ ተሰነጠቀ።
«ዘለልክ» አለች።
«አልዘለልኩም።»
«ልጅቷ እታች ነበረች። ማን አወጣት?»
ዝም አልኩ።
«እንግዲያው እኔ ላንብብልህ» ብላ የማያዩ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሁድ፣ ከምሳ በኋላ።
መጀመሪያ ምድር እንደ ምንጣፍ ተራገፈች።
ቀጥሎ ባሕሩ ሄደ። ሄደ ስልህ፣ እንደ ሰው፣
ጀርባውን ሰጥቶ፣
ጀልባውን ሁሉ በጎኑ አስተኝቶ።
ሰው ዓሣ ሊለቅም ወረደ፤ እህቴ ሩፊናም ወረደች፣
‹አንዱን ጫማ ያዥልኝ› ብላ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች።
ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ተመለሰ ይላሉ፤ ውሸት ነው።
ድምፅ ነበረው፣ የደከመው በሬ ትንፋሽ ነው።

ሌሊቱን ኮረብታው ላይ እናቴ ‹ሩፊና!› ትል ነበር፣
ከታች፣ ከጨለማው፣
አንድ ድምፅ ‹አቤት› ይል ነበር።
የሩፊና አልነበረም። እኔ አውቀዋለሁ።
ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።»

ባሕሩ ከወለሉ ሥር አንኳኳ።
ሻዩ በረደ፤ ማናችንም አልጠጣንም።

ቤቴ ገብቼ፣ መብራት አብርቼ፣
የዘለልኳቸውን ገጾች አነበብኩ፣ ጋቢና ጫማዬን እንደለበስኩ፣ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ፦
ጥፍር፣ ሻማ፣ የበሰበሰ ገመድ፣
ደራሲው ብዙ ደክሟል።
ጨርሼው ተኛሁ ብል ግን እዋሻለሁ፤
ያ «አቤት» ጣሪያው ላይ እስኪነጋ ተመላልሷል።

ዛሬም ዓርብ ነው። ጀልባዋ ታስራለች።
ካፖርቴ ሥር አዲስ መጽሐፍ፣ ጥቁር ልባስ፣ ወፍራም።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ስንት ገጽ ነው?» ትላለች።
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»
«መጨረሻ አለው ማለት ነው» ትላለች፣
ሹራቧን እስከ አገጯ እየሳበች፣
«ጀምር።»